የእትዬ አስካለ መስመር

ኔትወርክ ሲሠራ ስሜን የሚያስታውስ የለም። የጠፋ ቀን ግን ካምፓላ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዘመዴ ይሆናል። ጠዋት በማለዳ «ሰፍዋንዬ» የሚል ድምፅ ከሰማሁ የሆነ ቦታ አንድ ገመድ ተነቅሏል ማለት ነው። የምሠራው አንዲት አነስተኛ የኢንተርኔት ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሙየንጋ ኮረብታ ላይ ካለው ማማችን እስከ ካባላጋላ ምግብ ቤቶች ያለው መስመር በእኔ እጅ ነው። ሰዉ ግን የኔትወርክ መሐንዲስ ሲባል ሶኬት ያለው ነገር ሁሉ ሐኪም ይመስለዋል። የበርበሬ መፍጫ እንድጠግን ተጠርቼ አውቃለሁ። አንዱ ደግሞ ሚስቱ በስልኳ ምን እንደምትጻጻፍ እንዳሳየው ጠየቀኝና ከዚያ ወዲህ ስልኩን አላነሳለትም።

ባለቤቴ ራሂማ «እንዲህ እየተነጫነጭክ ሥራህን መውደድህ ይገርመኛል» ትለኛለች። እወደዋለሁ። ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ሲስቁ፣ መሃላቸው እኔ እንዳለሁ ሳያውቁ ሲቀሩ ደስ ይለኛል። ለዚህም ስል ማንም ይለምነኝ ማን፣ የሰው መስመር ሆን ብዬ ቆርጬ አላውቅም ነበር። ከአንድ ቅዳሜ በስተቀር።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ በየነ ደውለው ካባላጋላ ሱቃቸው ድረስ እንድመጣ አዘዙኝ። ጋሽ በየነ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ የካምፓላ ሐበሾች እድር ሊቀመንበርም ናቸው። ያለ ጉዳይ አይደውሉም። እንደደረስኩ ከሱቁ ጀርባ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የአስካለማርያም እናት ዐርፈዋል» አሉኝ።

ክው አልኩ። እትዬ አስካለ ከዚያው ሱቅ ማዶ ምግብ ቤት አላት። ካምፓላ ስመጣ መጀመሪያ በዱቤ ያበላችኝ እሷ ናት። እናቷ እማማ አለምዘውድ አዲስ አበባ ከታናሽ ወንድሟ ከዳግማዊ ጋር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው ከከዳቸው ዓመታት አልፈዋል፤ አፋቸው እንጂ ጆሯቸው ስለማይሠራ በተራ ስልክ ማውራት አይቻልም። ስለዚህ ሁልጊዜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ይተያያሉ። እሷ ድስቱን ከፍታ ታሳያለች፣ እናትየው «ቅቤው አነሰ» ብለው ይቆጣሉ። ያንን ያዘጋጀሁላቸው እኔ ነኝ፤ የዚያን ጊዜ ከዳግማዊ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ በስልክ ተነታርከናል።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

«ዳግማዊ ራሱ ሊነጋጋ ሲል ደወለ። አሁን ስማኝ። ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቄሱን ይዘን፣ ሽማግሌው ተሰብስቦ በወጉ እናረዳታለን። ዛሬ ቄሱም ከከተማ ወጥተዋል። የሚያስፈራኝ ይሄ ፌስቡክ የምትሉት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ምግብ ቤቷን ስትከፍት ስልኳ ዋይፋይ ያገኛል። አንዱ ቀባጣሪ ፎቶ ለጥፎ ብቻዋን ድስት ፊት ታየዋለች። እስከ ነገ ዝጋላት።»

እምቢ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። አባቴ ትዝ አለኝና ዘጋሁት። አባቴ ሀገር ቤት ሐይቅ ከተማ የሞተ ቀን እኔ ንሳምብያ መንገድ ላይ ታክሲ ውስጥ ተጣብቄ ነበር። ስልኬን ስከፍት አብሮኝ የተማረ ልጅ የአባቴን ፎቶ ለጥፎ ከሥሩ «ኢና ሊላሂ» ብሎ ጽፏል። ስድሳ ሰው «አላህ ይርሐማቸው» ብሎ ጨርሷል። እኔ ልጁ ስድሳ አንደኛ ነበርኩ። ስጮህ ከጎኔ የማቶኬ ሙዝ የታቀፈች ሴት እጄን ያዘችኝ፤ ስሟን እንኳ አላውቅም። ያንን ለጠላቴም አልመኝም፤ ለእትዬ አስካለማ እንዴት ብዬ!

ሦስት ሰዓት ላይ በላፕቶፔ የምግብ ቤቷን መስመር ዘጋሁት። ደቂቃም አልፈጀ። ባልደረቦቼ እንዳይከፍቱት ደግሞ «ጥገና ላይ ነው፣ አትንኩ» ብዬ ጻፍኩበት። መሥራት ስንት ቀን ይፈጃል፣ መቁረጥ እንዲህ ቀላል ነው።

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ደወለች።

«ሰፍዋንዬ፣ ዋይፋዬ ጠፋ።»

«ፋይበር ተቆርጦ ነው እትዬ አስካለ። እየሠራን ነው።»

«ማን ቆረጠው?»

«መንገድ የሚቆፍሩት ናቸው።»

«እጃቸው ይቆረጥ!»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

አምስት ሰዓት ላይ ደግማ ደወለች። ኳስ ሊያዩ የመጡ ልጆች ጥለዋት መሄዳቸውን ነገረችኝ። በስልኬ ዳታ ሞልቼ ልጠቀም እንዳትለኝ ስጸልይ ራሷ አነሳችው፤ «አንዴ ለእናንተ ከፍያለሁ፣ ሁለተኛ ሳንቲም የምሰጠው ሰው የለም» አለች። ግትርነቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ግን አልጮኸችም። «ስማኝ ወንድሜ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር» አለችኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማማ ትጠብቀኛለች። ባለፈው መብራት ሲጠፋ ሳታየኝ ቀርታ እራት አልበላም አለች። ለእሷ ስትል እንኳ ቶሎ በልልኝ።»

«እሺ» አልኩና ዘጋሁ። በዚያች ሰዓት ራሴን ጠላሁት።

ይህን ስልክ ሳነሳ ሙየንጋ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ጣሪያ ላይ ቆሜያለሁ። ባልደረባዬ ሙገርዋ ከጠዋት ጀምሮ ሁለት ሬዲዮ ቀይሮ መስመሩ አልመጣለት ብሎ ነው የጠራኝ። ሬዲዮ የምንለው ማማው ላይ ካለው መሣሪያችን ጋር የሚነጋገረውን ሳህን ነው። ሦስተኛውን ሊሰቅል ሲል አስቆምኩትና ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ካውያ ለመሰካት ብላ የእኛን ነቅላዋለች። መልሼ ሰካሁት፤ መጣ።

«ከታች ያለውን አይተሃል?» ብዬ ጮህኩበት። «ጠይቀሃል? ጣሪያ ላይ ቆመህ ተበላሽቷል ስትል የወዲያኛውን ጫፍ ያየ ሰው አለ?»

«መሰለኝ» አለ።

«በመሰለኝ አይሠራም!»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ እኔኑ ያዘኝ። የወዲያኛውን ጫፍ ያየ ሰው አለ? ጋሽ በየነ ጋ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ዳግማዊ ሲደውል ምን ነበር ያለዎት? ቃል በቃል።»

«ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ‹ጋሽ በየነ፣ እማማ› አለና ሳግ ተናነቀው፤ አለቀሰ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።»

«‹ዐረፈች› አላለም?»

«ወንድ ልጅ በሌሊት ደውሎ ሲያለቅስ ሌላ ምን ሊሆን ነው?»

«መልሰው አልደወሉም?»

«አንተ ልጅ ጤና የለህም? ሐዘንተኛ ላይ ደውዬ ‹እናትህ ሞተዋል ወይ› ልበለው? እሱማ ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደውሏል። አላነሳሁም። ለእህቱ ሳልነግር ምን ብዬ አጽናናዋለሁ?»

እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«እኔ እደውልለታለሁ» አልኩ።

«እንዳታደርገው! ወግ የሚባል ነገር አለ! ልትነግራት ከሆነ ደግሞ እወቀው…»

ዘጋሁት። ታላቅ ሰው ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነው፤ አልጸጸትም። የዳግማዊ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። አራተኛውን፣ አምስተኛውን ሞከርኩ። ሌላ ቀን ቢሆን «ኋላ እደውላለሁ» እል ነበር። በስድስተኛው አነሳው።

«ሰፍዋን ነኝ፣ ከካምፓላ። ዳግማዊ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ እናትህ እንዴት ናቸው?»

«የት ጠፋችሁ እናንተ ሰዎች!» ብሎ ጮኸ። «አንጀቷ ታጥፎ ሌሊቱን ሆስፒታል አመጣናት። ቀዶ ጥገና ካልተደረገላት አትተርፍም ብለዋል። እሷ ደግሞ ‹አስካለን ሳላይ ቢላ አይነካኝም› ብላ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ታቅፋ ተኝታለች! የአስካለ ስልክ አይሠራም፣ ቁጥሯን ቀይራለች፣ ጋሽ በየነ አያነሱም፣ የአንተ ቁጥር ከድሮ ስልኬ ጋር ጠፋ። ሐኪሙ ከዘጠኝ ሰዓት በላይ መጠበቅ አይቻልም፣ ከዚያ በኋላ ብናስገባትም ዋጋ የለውም ብሎናል።»

ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ከሩብ ይላል።

«ዘጠኝ ሳይሞላ ያዩዋታል» አልኩት። «ንገራቸው። ጽፈህ አሳያቸው።»

ላፕቶፔን እዚያው ደረጃው ላይ ዘርግቼ መስመሩን ከፈትኩ። የምግብ ቤቷ መሣሪያ አልመለሰልኝም። እንደገና ሞከርኩ። ጸጥ አለ። እትዬ አስካለ ጋ ደወልኩ።

«የዋይፋይ ሳጥኑን ነክተሽዋል?»

«አልነካሁትም። ዝም ብሎ አላስችለኝ ቢል ከጀርባው ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ወጋኋት። መብራቱ ሁሉ ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ ተመልሶም መጣ።»

ሥራዬን ከሚያከብዱብኝ ነገሮች ሁሉ ያቺ መርፌ ትብሳለች። መሣሪያው የሚያውቀውን ሁሉ ረስቶ እንደ አዲስ ተወልዷል። በአካል ሄጄ ካላስተማርኩት አይሠራም።

ሙገርዋን ትቼ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት ያዝኩ። ዝናቡም የሚጠብቀው እኔን ይመስል መንገድ ስንገባ ጀመረ። ባለ ቦዳው ከአንድ ሱቅ ታዛ ሥር ሊጠለል ሲል «ሴቦ፣ ጌታዬ፣ አትቁም» አልኩት፤ ላፕቶፔን በሸሚዜ ውስጥ ከትቼ አጎነበስኩ። ቁልቁለቱን በጭቃ እየተንሸራተትን ወረድን። ከጀርባው ሆኜ ጋሽ በየነ ጋ ደወልኩ፤ ተይዟል። ደገምኩ፤ ተይዟል። ኋላ እንደገባኝ፣ እኔ እንዳልቀድማቸው ፈርተው ሽማግሌ እየሰበሰቡ ነበር።

ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ እንደ ውሻ ረጥቤ ምግብ ቤቱ ገባሁ። እትዬ አስካለ ሽሮ እያማሰለች ነበር። ስታየኝ ማማሰያውን አነሳች።

«አሁን መምጣትህ ነው?»

«እትዬ አስካለ፣ ስሚኝ። እማማ ታመዋል፤ ሆስፒታል ናቸው። ቀዶ ጥገና ሊገቡ ነው። ከዚያ በፊት አንቺን ማየት ይፈልጋሉ። አሁን አገናኝሻለሁ።»

ማማሰያው ከእጇ ወደቀ። የእኔን ስልክ አውጥቼ ሞከርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በካባላጋላ የሞባይል ዳታ ድምፅ ያመጣል እንጂ መልክ አያመጣም፤ ለማይሰሙ እናት ደግሞ ድምፅ ምን ያደርጋል? ተውኩትና ሳጥኑ ያለበት መደርደሪያ ሥር ተንበርክኬ ላፕቶፔን ሰካሁ።

በዚያች ደቂቃ በሩ ጨለመ። ጋሽ በየነ ናቸው። ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመዋል። እንዲህ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም።

እትዬ አስካለ አየቻቸው። ቀጥላ እኔን አየችኝ።

«ታመዋል አልከኝ» አለች። «መጀመሪያ ሁልጊዜ ታመዋል ነው የሚባለው!»

ከዚያ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ፣ አንዷ ደረቷን መታች፣ ጋሽ በየነ «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ» እያሉ እጃቸውን ዘረጉ።

«አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ። «በሕይወት አሉ! ከልጃቸው ጋር አሁን ተነጋገርኩ!»

ማን ይሰማኛል! አንዱ ትከሻዬን ይዞ «ተው ወንድሜ፣ አሁን ተስፋ አትስጣት፣ ኃጢአት ነው» አለኝ። ትከሻዬን ከእጁ አላቀቅኩ። በቃል እንደማላሳምናቸው ገባኝ። የሚያሳምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጣቶቼ ላይ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ መጻፍ ጀመርኩ። ከፀጉሬ የሚወርደው ውሃ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠባል። አንዴ ቁጥር ተሳስቼ አጠፋሁ። ቢስሚላህ ብዬ እንደገና ጀመርኩ። ከጀርባዬ ለቅሶው እየጨመረ ነው፤ የጎረቤት ሱቅ ዑጋንዳውያንም ምን ሆነ ብለው በር ላይ ተኮልኩለዋል።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሁለት ላይ አረንጓዴዋ መብራት በራች። የእትዬ አስካለ ስልክ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የዳግማዊ መልእክቶች ተከታትለው ገቡ፤ ቆጥሬ አልጨረስኳቸውም። ስልኩን አንስቼ ደወልኩና መልኩ እስኪመጣ ሳልጠብቅ ፊቷ ላይ ደቀንኩት።

«እይ!» አልኳት። «እትዬ አስካለ፣ ዓይንሽን ግለጪና እይ!»

መጀመሪያ የሆስፒታል ኮርኒስ ታየ። ቀጥሎ የዳግማዊ አውራ ጣት። ከዚያ አንዲት ፊታቸው የገረጣ፣ ሻሻቸው የተንሸራተተ አሮጊት በትራስ ላይ ተደግፈው ብቅ አሉ።

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ። ምግብ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው ሽሮው ሲንተከተክ ብቻ ነበር።

«እማማ!» አለች እትዬ አስካለ። የማይሰሙ መሆናቸውን ረስታ «እማማ፣ እማማ» እያለች ስልኩን ሳመችው። እማማ አለምዘውድ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩዋት። እጃቸውን አንስተው ስክሪኑን ዳሰሱ። ቀጥለው ከእሷ ትከሻ በላይ ተመለከቱ፤ ያዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ያበጠውን ዓይን፣ ባዶ ራሳቸውን የቆሙትን ጋሽ በየነን አንድ በአንድ አዩ።

«ምነው ልጄ» አሉ በዚያ የማይሰማ ሰው ከፍ ባለ ድምፅ። «ማን ሞተባችሁ?»

ጋሽ በየነ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያሹ መሬት መሬት አዩ። ከሴቶቹ አንዷ ቀስ ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። እትዬ አስካለ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ በጣቷ «ማንም፣ ማንም» የሚል ምልክት አሳየች። ቀጥላ ደረቷን ነክታ ወደ ሰማይ ጠቆመች፣ መዳፏን አጋድማ ሆዷ ላይ እንደ ቢላ አሳለፈች፤ «ግቢ፣ ይሥሩልሽ» ማለቷ ነው። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በይ እሺ። አይቼሻለሁ፤ ይውሰዱኝ» አሉ።

ነጭ የለበሰ ሰው መጥቶ አልጋውን ሲገፋ አየን። ዳግማዊ «ገባች! እንደወጣች እደውላለሁ» አለና ስልኩ ተዘጋ። ሰዉ ሁሉ በአንድ ላይ ተነፈሰ። አንዳንዱ «ተመስገን» አለ፣ አንዳንዱ ሳቀ፣ ጋሽ በየነ ወደ እኔ መጥተው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። እሳቸውን መቆጣት አማረኝ፤ ግን መስመሩን የዘጋው የእሳቸው እጅ አልነበረም።

እትዬ አስካለ እጄን በሁለት እጇ ያዘች። «አንተ ባትኖር!» አለችኝ። «ቆፋሪዎቹ የቆረጡትን እንዲህ በዝናብ ሮጠህ የምትቀጥልልኝ አንተ ባትኖር ምን እሆን ነበር?»

ማንም አይከሰኝም ነበር። ጋሽ በየነ ያውቃሉ፣ ዝም ይላሉ። ምርቃቴን ተቀብዬ ቤቴ መግባት እችል ነበር።

«ቆፋሪ የለም» አልኳት። «የቆረጥኩት እኔ ነኝ። እናትሽ የሞቱ መስሎን፣ በስልክ እንዳትሰሚ ብዬ ነው። ሳልጠይቅ ቆረጥኩት።»

እጄን ለቀቀችው። ጋሽ በየነ «እኔ ነኝ ያዘዝኩት» አሉ ከኋላ። ዞራ አላየቻቸውም።

«ስንት ሰዓት ላይ?» አለችኝ።

«ሦስት ሰዓት።»

የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላ አየች። ከንፈሯ ሲቆጥር አየሁት።

«ስድስት ሰዓት» አለች። «አንጀቷ ታጥፎ ስድስት ሰዓት ሙሉ ጠበቀችኝ።»

«አዎ» አልኳት። ይቅርታ የሚለውን ቃል ያን ሰዓት ማውጣት ራሴን ማሳረፍ መሰለኝ።

ወንበር ስባ ሳጥኑ ያለበት መደርደሪያ ሥር አስቀመጠችው።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «ከቀዶ ጥገና እስክትወጣ ከዚህ አትነሳም።»

ልብሴ እንደረጠበ ተቀመጥኩ።